ሞንታክዩት ሃውስ

ሞንታክዩት ሃውስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ የሚገኝ ባለ ሦስት ደርብ የድንጋይ መኖሪያ ነው። ያሠራው ሰር ኤድዋርድ ፌሊፕስ የተባለ የሕግ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የእንግሊዝ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኗል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1601 ገደማ እንዳለቀ ይገመታል።

ድንጋዩ

ከአቅራቢያው ከሃም ሂል የተፈለጠ ጥርብ የኖራ ድንጋይ ነው። ማር የመሰለ ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ካለው ብረት ነው።

የንድፉ ባለቤት

አብዛኞቹ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች ንድፉን ለሶመርሴቱ ግንበኛ ለዊሊያም አርኖልድ ይሰጣሉ። ይህ ግን በሰነድ ሳይሆን በመመሳሰል ላይ የቆመ ግምት ነው። አርኖልድ በ1610 የተጀመረውን በኦክስፎርድ የሚገኘውን የዋድሃም ኮሌጅ እንደሠራ የታወቀ ነው፤ በዶርሴት ባለው በክራንቦርን ማነርም እጁ አለበት። አናታቸው በዛጎል ቅርጽ የተጠረበ የግድግዳ ጎድጓዶች የእሱ መለያ ተደርገው ይወሰዳሉ፤ ሞንታክዩት ላይም ይታያሉ። ማነጻጸሩ አሳማኝ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን የነዳፊና የግንበኛ ሙያ ገና አልተለያየም፤ ባለቤቱም በንድፉ ይገባበት ነበር። አንድ ጌጥ ደግሞ ከግንበኛ ወደ ግንበኛ ይሸጋገራል። ስለዚህ «የአርኖልድ ሥራ ይመስላል» ማለቱ ይበቃል።

የምሥራቁ ገጽ

የመጀመሪያው መግቢያ በዚህ በኩል ነበር። ከግንቡ ይልቅ መስተዋቱ የሚበዛ እስኪመስል ድረስ በሰፋፊ መስኮቶች ተሞልቷል። በላይኛው ደርብ መስኮቶች መካከል በመካከለኛው ዘመን የጀግንነት አርአያ ይቆጠሩ የነበሩት «ዘጠኙ ኃያላን» የሮማ ወታደር ልብስ ለብሰው ቆመዋል፦ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ ይሁዳ መቃብዮስ፣ ሄክቶር፣ እስክንድር፣ ዩሊየስ ቄሳር፣ ንጉሥ አርተር፣ ሻርለማኝና የቡዮኑ ጎድፍሪ።

የምዕራቡ ገጽ

ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ አይደለም። በ1786 አካባቢ በዶርሴት የነበረው ክሊፍተን ሜይባንክ የተባለ ቤት በከፊል ሲፈርስ፣ የዘመኑ ባለቤት፣ የአሠሪው ሞክሼ ኤድዋርድ ፌሊፕስ፣ የፊት ለፊቱን ቅርጻ ቅርጽ ገዝቶ አስመጣና እዚህ አስተከለው። ውጤቱ ከውበት ያለፈ ነበር። ቀድሞ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ለመሄድ በክፍሎች መሀል ማቋረጥ ግድ ይል ነበር፤ ከአዲሱ ገጽ ጀርባ የተገኘው መተላለፊያ ግን ሰው ሌላውን ሳይረብሽ እንዲያልፍ አስቻለ። በቤቱ ታሪክ ኑሮውን ይህን ያህል የለወጠ ሌላ ሥራ ያለ አይመስልም።

ውስጡ

በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው የጀሶ ቅርጽ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ባል ሕፃን እንደታቀፈ ከበርሜል መጠጥ ሲቀዳ ሚስቱ ትደርስበትና በጫማ ትመታዋለች፤ ጎረቤት ያያል። ቀጥሎ አንድ ሰው ወንዶች በትከሻ በተሸከሙት አጣና ላይ ተቀምጦ በመንደሩ ሲዞር ይታያል፤ ይህ በሚስቱ የሚገዛ ባል የሚቀጣበት የአደባባይ ማዋረጃ ነበር። በባለጸጋ ቤት ዋና አዳራሽ የመንደር ትዕይንት መቀረጹ ብርቅ ነው።

በላይኛው ደርብ ያለው ረጅም አዳራሽ 52 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእንግሊዝ እስከ ዛሬ ከቆዩት ረጅሙ እንደሆነ ይነገራል።

ባለቤትነት

የብሪታንያው ፖለቲከኛ ሎርድ ከርዘን ከ1915 ጀምሮ ተከራይቶት ነበር። በ1931 ቅርሶችን ወደሚጠብቀው ድርጅት፣ ወደ ናሽናል ትረስት ተዛወረ። ከ1975 ወዲህ በለንደን ካለው ብሔራዊ የቁም ሥዕል ቤተ መዘክር የተዋሱ ሥዕሎች ይታዩበታል።