ገብሱ የእኛ፣ ቢራው የማን?

ከመንዝና ከግሼ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሐበሻ ቢራን ፋብሪካ ያገኛል። አገሩ የገብስ አገር ነው፤ ጠላውን ራሱ ጠምቆ ራሱ ይጠጣል። የቢራው ባለቤትነት ግን ሌላ ታሪክ አለው። (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

በመንግሥት እጅ የነበሩ ቢራ ፋብሪካዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ ገዢው ከባሕር ማዶ መጣ። ጊዮርጊስን በ1998 የፈረንሳዩ ቢጂአይ ወሰደው። ሐረርንና በደሌን በ2011 ሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ ሜታ አቦን በ2012 ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዙ።

እኛ ለምን አልገዛንም? ድህነት ብቻ አይመስለኝም። በሌላው ዓለም ድርጅት መግዛት የፈለገ ሰው ከባለሀብቶች መዋጮ ይሰበስባል፤ የጎደለውን ደግሞ የሚገዛው ድርጅት ወደፊት በሚያስገባው ገቢ ይበደራል። የእኛ ባንክ ከንግዱ ገቢ ይልቅ የቤት ካርታ ያስቀድማል። ገንዘባችን በየዕቁቡና በየፍራሹ ሥር ተበትኖ ነበር፤ የሚሰበስበው የአክሲዮን ገበያም አልነበረም።

ሐበሻ ቢራ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ የተሠራ ከመግዛት አዲስ መሥራት። ሺዎች አክሲዮን ገዙ፣ የሆላንዱ ባቫሪያም ገንዘብና ሙያ ይዞ ገባ። ፋብሪካው በ2015 ሥራ ጀመረ። ውሎ አድሮ ግን አብላጫው ድርሻ ወደ ሆላንዱ ኩባንያ ዞረ። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ በአክሲዮን ሕግ ብዙ ያመጣ ብዙ ድምፅ አለው። ሺዎቹ ግን በየግላቸው ቆመው ነበር። የሺህ ሰው ድምፅ ካልተጣመረ እንደ አንድ ሰው ድምፅ አይሰማም።

አሁን ገበያው ተከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቢያቀርብም 47 ሺህ ያህል ሰው 10.7 ሚሊዮን ገደማውን ብቻ ገዛ። ለሽያጭ የቀረበው ከጠቅላላው 10 በመቶ ስለነበር ገዢው ትርፍ ይካፈላል እንጂ አያዝም።

መንዞች ይህን ትምህርት ከማንም አይበደሩም። የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ጠብቀዋል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሁሉም በተስማማበት ቀን ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ጓሳን ያቆየው የባለድርሻው ብዛት ሳይሆን መተዳደሪያው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ነገ አንድ ፋብሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ድምፃችንን በማን በኩል እንደምናሰማ እንስማማ። አለዚያ ገብሱን እኛ እናመርታለን፤ ውሳኔውን ሌላው ይወስናል።