ከሰሉ፣ ክሎሪኑና ሦስተኛው ሰው

ለመገናኛ በዓላችን መጽሔት አንድ ነገር ጻፊ ሲሉኝ፣ የምትጠብቁት የአናቶሚ ፈተናውን፣ የካፌውን ሻይና የሌሊት ተረኝነቱን ትዝታ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ሌሎቹ ይጽፉታል። እኔ የምጽፈው ስለ ከሰልና ስለ ውሃ ነው። ነገሩ የጀመረኝ ዳባት ላይ፣ ቲቲፒ በወጣንበት ወቅት ነው።

ቡድናችን ውስጥ አንድ ሳኒታሪያን ተማሪ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛ የሕክምና ተማሪዎች ብዙም ቦታ አንሰጠውም ነበር። እኛ በሽተኛ ስናይ እሱ ደብተሩን ይዞ መጸዳጃ ቤት ሲቆጥርና ከምንጭ ምንጭ ሲዞር ይውላል። አንድ ቀን ከገጠር አንድ ሕፃን ይዘው መጡ። አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። የፀረ ተባይ መርዝ ነበር። አትሮፒን ሰጠነው፤ በአፍንጫው ቱቦ አስገብተን ያንን ጥቁር አክቲቬትድ ቻርኮል በውሃ በጥብጠን አወረድንለት። ልጁ ዳነ። እናቱ ግን "ኧረ ውሃ ነው የጠጣው!" እያለች ታለቅስ ነበር። እውነቷን ነው፤ ውሃው የተቀዳው መርዙ በነበረበት ጀሪካን ነው።

እኔ በአትሮፒኔ ስኮራ ሳኒታሪያኑ ወደ መንደሩ ሄደ። ሲመሽ ጫማው ጭቃ ለብሶ ተመለሰ፤ እንዲህ ዓይነት ጀሪካን ያላቸውን ቤቶች ደብተሩ ላይ ዘርዝሯል። "አንዱን አዳንሽው" አለኝ፣ "ጀሪካኖቹ ግን እዚያው ናቸው።" ያን ጊዜ ሳቅሁበት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ያ ልጅ ቡድናችን ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ አልነበረም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ የደምቢያን ሜዳ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት፣ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር እጃቸውን ያስገቡበት ነበር። ሐሳቡ አንድ ሐኪም አሠልጥኖ መላክ አልነበረም፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ መላክ ነው፦ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። የእኛ የሕክምና ትምህርት ቤት የመጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ነው። በታሪክ ደረጃ እንግዶቹ እኛ ነን ማለት ነው፤ የውሃው ሰው ግን ከመሠረቱ የቤቱ ልጅ ነው።

የውሃው ሰው ዋና መሣሪያ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ከየት ይመጣል ብላችሁ ታውቃላችሁ? በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ነው የሚወጣው። ኮሌጃችን በተከፈተበት ዘመን የዓለም ፋብሪካዎች ክሎሪን የሚያወጡት በአብዛኛው ከግራፋይት፣ ማለትም ከካርቦን በተሠሩ ኤሌክትሮዶች ነበር፤ የታይታኒየሙ ኤሌክትሮድ የተተካው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ነው። በየቤቱ የምናውቀው ውሃ አጋርም ያው የክሎሪን ውህድ ነው። እንግዲህ ካርቦንና ኤሌክትሪክ ውሃ ማጣራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ ገበሬው አምፖል ሳያይ በፊት ምርታቸው በዱቄት መልክ ገጠር ይገባ ነበር።

ክሎሪን ግን ልክ አለው። ጀርም ይገድላል፤ አረም ማጥፊያን ግን እንዲህ በቀላሉ አይበትነውም። ገበሬዎቻችን "ቱፎርዲ" የሚሉትን ውሰዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ለገበያ የቀረበ፣ ጤፍና ስንዴ ውስጥ የሚበቅለውን አረም የሚያጠፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው በሊትር 0.03 ሚሊግራም ብቻ ነው። ውሃውን ብታፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መርዙ ይወፍራል።

ከሰል እዚህ ላይ ይረዳል። ያ ለሕፃኑ ያወረድንለት ዱቄት አንድ ግራሙ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ወለል አለው። ቀዳዳው ሁሉ መርዙን ይይዛል። ይይዛል እንጂ ግን አያጠፋም። በሆድ ውስጥ ይህ በቂ ነው፤ ከሰሉም መርዙም አብረው ይወጣሉ። የውሃ ማጣሪያ ከሰል ግን ሲሞላ መጣል አለበት፤ መርዙም አብሮት ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሳኒታሪያኑ ጀሪካን እንደገና መጣ ማለት ነው።

ኬሚስቶች ለዚህ የደረሱበት መልስ ረጅም መንገድ የመጣ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ትራውበ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን በኤሌክትሪክ ኃይል ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ እንደሚሆን አየ፤ ያው ቁስል የምናጥብበት ማለት ነው። በ1894 እንግሊዛዊው ፌንተን፣ ፐሮክሳይድ ከብረት ጋር ሲገናኝ ኃይለኛ እንደሚሆን አሳየ። በ1939 በርል የከሰልን ኤሌክትሮድ ለዚሁ ተጠቀመ። ምሥጢሩ የኤሌክትሮን ቆጠራ ነው። ኦክስጅን አራት ኤሌክትሮን ከተቀበለ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ብቻ ከተቀበለ ግን ፐሮክሳይድ ይሆናል። በሚገባ የተዘጋጀ ካርቦን፣ ለምሳሌ ናይትሮጂን የገባበት፣ ኦክስጅኑን ሁለቱ ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። ከዚያ ጥቂት ብረት ሲጨመር ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል፤ የነካውን ሞለኪውል ይበጣጥሳል። በፈረንሳይ ኦቱራን፣ በባርሴሎና ደግሞ ብሪያስ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሞከሩት በዚሁ በቱፎርዲ ላይ ነው። መርዙ ተሰባብሮ በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ክሎራይድ እስኪሆን ድረስ ይሄዳል። ከሰሉ መያዝ ብቻ ሳይሆን ማጥፋት ቻለ።

ታዲያ ይህን ነገ ደባርቅ ላይ እንትከለው? አይቸኩሉ። ብረቱ በደንብ የሚሠራው ውሃው ኮምጣጣ ሲሆን፣ ፒኤች 3 አካባቢ ነው፤ ከመጠጣቱ በፊት ኮምጣጣነቱ መመለስ፣ ብረቱም መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ብርዱ ግን በከፊል ይክሰዋል። ደግሞም ከስሜን ግርጌ ለሚፈልቅ ምንጭ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አጥር፣ ክዳንና ክሎሪን ነው። ልጆቻችንን ቶሎ የሚገድለው ተቅማጥ ነውና።

ሆኖም አረም ማጥፊያው በየዓመቱ ይረጫል፣ ጀሪካኑም ይገዛል። አንድ ቀን መሣሪያው ይመጣል። ሲመጣ ኤሌክትሮዱን የሚያጸዳው፣ ፒኤቹን የሚለካው፣ ከየትኛው ምንጭ በላይ ምን እንደሚረጭ ደብተሩ ላይ የጻፈው ማን ይሆናል? ሐኪም አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የታሰበው ሦስተኛው ሰው ነው። እሱ ከሌለ ማሽኑ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ እኛም አትሮፒን ስንሰጥ እንኖራለን።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በበዓሉ ዕለት ሐኪሞች ብቻችንን አንድ ጠረጴዛ አንክበብ። ማግሥቱን ወደ ስሜን የምትወጡም ጭላዳ ዝንጀሮውን ፎቶ አንሡ፤ ግን ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ ሻይ ስትጠጡ የዚያን ከተማ ውሃ ክሎሪን ማን እንደሚለካ ጠይቁ፣ ካገኛችሁትም ሻዩን እናንተ ክፈሉለት። ያ የቡድናችን ልጅ ይህን እያነበበ ከሆነ ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ያን ማታ የሳቅሁት ስላልገባኝ ነው። ደብተሩ እስካሁን ካለህ ይዘኸው ና።