የኢም መንደር ዜና መዋዕል

በጎንደር ዐፄ ፋሲል፣ በእንግሊዝ አገር ዳግማዊ ቻርልስ በነገሡበት ዘመን ኢም በምትባል መንደር የሆነውን ነገር እንጽፋለን። ዜና መዋዕል የነገሥታት ነው፤ ጸሐፊውም ድንኳኑንና ነጋሪቱን ተከትሎ ይጽፋል። በዚህች መንደር ግን ድንኳን አልተተከለም፣ ነጋሪትም አልተጎሰመም። በእርስዋ የነበሩት እርሳስ ከመሬት የሚያወጡ ቆፋሪዎች፣ በግ አርቢዎች፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በሥርዓት የተለያዩ ሁለት ካህናት፣ ልጆቻቸውንም በእጃቸው የቀበሩ እናቶች ናቸው። የእነርሱም ሥራ ሊጻፍ ይገባዋል ብለን ተነሣን።

ኢም ከለንደን ወደ ሰሜን ርቃ፣ በደርቢሻየር አውራጃ፣ በተራራ ወገብ ላይ ተቀምጣለች። በቤተ ክርስቲያንዋም ቅጥር ግቢ ዛሬ ዕድሜው ከሺህ ዓመት ያለፈ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል።

እነርሱ 1665 ብለው በሚቈጥሩት ዓመት በለንደን ቸነፈር ገባ። በከተማው መዝገብ ብቻ በዚያ ዓመት ከ68,000 የሚበልጥ ሰው በቸነፈሩ እንደ ሞተ ተጽፏል። በጋው ሊያልቅ ሲል ለኢም ልብስ ሰፊ፣ ለአሌክሳንደር ሃድፊልድ፣ ከዚያች ከተማ የጨርቅ ጥቅል መጣለት። ጥቅሉን የፈታው ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ ነው። ጨርቁ እርጥበት ይዞ ስላገኘው ሊያደርቀው ከምድጃው ፊት ዘረጋው። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ቁንጫ ነበረበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ቪካርስ በትኩሳት ወደቀ፤ 7 ሴፕቴምበር በሚሉት ቀንም ተቀበረ። ይህም በእኛ መስከረም 10 ቀን 1658 ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማርቆስ ነው። እንግሊዞች ያን ጊዜ ገና በአሮጌው በዩልዮስ አቈጣጠር ይሄዱ ነበርና ቀኑን እንዲህ አመሳክረነዋል።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የሃድፊልድ እንጀራ ልጅ ትንሹ ኤድዋርድ ሞተ፤ ወንድሙ ጆናታንም ተከተለው። ከዚያ ሞቱ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። የእነዚህ ሕፃናት እናት ሜሪ እስከ መጨረሻው ተረፈች፤ ከዘመዶችዋ ግን 13 ቀበረች። ዓመቱ እስኪያልቅ በመንደሪቱ 42 ሰው ሞተ። ብርዱ ሲጠነክር በሽታው ለዘብ አለ፣ ሰዉም አለፈልን ብሎ ነበር።

በዚያ ወራት ኤሞት ሲዳል የምትባል የኢም ልጅ፣ በቅርቢቱ መንደር በስቶኒ ሚድልተን የሚኖር ሮውላንድ ቶር የሚባል እጮኛ ነበራት። ቤተሰብዋ እየሞተባት ስለ ነበር አትምጣብኝ አለችው። ከዚያ ወዲያ በሸለቆው ውስጥ ተራርቀው ቆመው ይተያዩ ነበር ይላሉ፤ ቃል እንኳ አይለዋወጡም። በኤፕሪል መጨረሻ እርስዋ ቀረች። እርሱ ግን ለብዙ ቀን ወደዚያ ሸለቆ መመላለሱን አልተወም። መንደሪቱ በተከፈተች ጊዜ ከፊተኞቹ ጋር የገባው እርሱ ነው፤ መሞትዋንም ያን ቀን ሰማ።

አሁን ስለ ሁለቱ ካህናት እንናገር። ቶማስ ስታንሊ ቀድሞ የመንደሪቱ ቄስ ነበሩ፤ ሕዝቡም ይወዳቸው ነበር። በእነርሱ አቈጣጠር በ1662 ካህን ሁሉ በአዲሱ የጸሎት መጽሐፍ ይገዛ የሚል ሕግ ወጣ። ስታንሊ ኅሊናዬ አይፈቅድም ብለው ደብራቸውን አጡ። በ1664 ዊልያም ሞምፔሰን የሚባሉ ሌላ ቄስ ተሾሙ፤ ካትሪን የምትባል ሚስትና ሁለት ሕፃናትም ነበሯቸው። ስታንሊ ግን ሹመት ሳይኖራቸው በመንደሪቱ ይኖሩ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ አዲሱን ቄስ ገና በልቡ አልተቀበለም።

በ1666 ሰኔ ቸነፈሩ በርትቶ ተመለሰ። ሰዉም ወደ ሼፊልድና ወደ ሌሎች ከተሞች ሊሸሽ አሰበ። ሞምፔሰን ይህን ባዩ ጊዜ ሕዝቡን ብቻቸውን ሊይዙት እንደማይችሉ ዐወቁና ወደ ስታንሊ ሄዱ። ስታንሊም በወንበራቸው የተቀመጠውን ሰው ተቀበሉት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መዞሪያ አላየሁም። ሁለቱ በአንድ ቃል ባይቆሙ ኖሮ፣ ቸነፈሩ በሸሺዎቹ ልብስ ተይዞ አገሩን ሁሉ ባዳረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለሕዝቡም የነገሩት ይህ ነው። ሞቱ ከእኛ ዘንድ ይቁም፤ ከመንደሩ የሚወጣ፣ ወደ መንደሩም የሚገባ አይኑር። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ፤ ጸሎቱ ሜዳ ላይ ይሁን። ሬሳ ሳይውል ሳያድር እዚያው ቤቱ አጠገብ ይቀበር። ከሦስቱ ሁሉ የኋለኛው የከበደ ይመስለኛል። ክርስቲያን ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከአባቶቹ አጥንት ጎን ማረፍን ይመኛል። እነርሱ ግን ካህን ሳይፈታቸው፣ ደወል ሳይደወልላቸው፣ በጓሯቸውና በእርሻቸው ጉድጓድ ገቡ።

ጸሎቱ የተዛወረው ካክሌት ደልፍ ወደሚባል ሸለቆ ነው። ሞምፔሰን ከዋሻ ከሚመስል ቋጥኝ አፍ ላይ ቆመው ይሰብኩ ነበር። ሕዝቡም በየቤተሰቡ ተለያይቶ በሣሩ ላይ ይቆማል፤ በየእሑዱም ክፍተቱ ይሰፋል።

ለምግቡም በቻትስዎርዝ የተቀመጠው የዴቨንሻየር ባላባት ስንቅ ይልክ ጀመር። የአጎራባች መንደር ሰዎችም ዳቦና ሌላ ሸቀጥ እያመጡ ከወሰኑ ላይ ያኖራሉ። በኢምና በስቶኒ ሚድልተን መካከል ስድስት ቀዳዳ የተፈለፈለበት ድንጋይ አለ። የኢም ሰው ገንዘቡን ሆምጣጤ በተሞላው ቀዳዳ ውስጥ ይጥላል፤ ሆምጣጤ ደዌውን ያጠፋል ይሉ ነበርና። እርሱ ርቆ ሲሄድ ሻጩ መጥቶ ገንዘቡን አውጥቶ ይወስዳል። በመንደሪቱ ሰሜንም ዛሬ የሞምፔሰን ምንጭ በሚባለው ስፍራ ሳንቲሙን የሚያጥበው የሚፈስ ውሃ ነበር።

ከወሰኑ ያለፈ ምን እንደሚያገኘው የምታሳይ አንዲት ሴት አለች። ታይድስዌል ወደሚባለው ገበያ ሄደች። ጠባቂው ከየት ነሽ ሲላት የመንደርዋን ስም ሸሽጋ የሰፈርዋን ነገረችው፤ አላወቀውምና አሳለፋት። በገበያው መካከል ግን አንድ ሰው መልክዋን ለየ። ቸነፈር! ቸነፈር! እያሉ በጭቃና በድንጋይ እየወገሩ እስከ ገበያው ዳር አባረሯት።

ነሐሴ መጣ። እንደ እነርሱ አቈጣጠር በኦገስት ወር ብቻ 78 ሰው ሞተ። ከመንደሪቱ ወጣ ብሎ ራይሊ በሚባል ከፍታ ላይ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት ከባልዋ ከጆንና ከልጆችዋ ጋር ትኖር ነበር። ከወሩ 3ኛ ቀን እስከ 10ኛው ባልዋና ስድስት ልጆችዋ አለቁ፤ ስምንት ቀን ነው። የሚረዳት ሰው አልነበረም። ጉድጓዱን ራስዋ ቆፈረች። ሬሳውን በእጅዋ ላለመንካት ጨርቅ አስራ በእርሻው ላይ ጎተተችው ይላሉ። አፈሩን መልሳ ወደ ቤት ትገባለች፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን አካፋዋን ይዛ እንደገና ትወጣለች። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከማዶ ኮረብታ ሆነው ያዩዋት ነበር። ሊሻገሩ አልቻሉም፤ እርስዋም ድረሱልኝ ብላ ወሰኑን አላለፈችም። እኔ የዚህን ታሪክ ቁም ነገር በሁለቱ ካህናት ቃል ብቻ አላኖረውም። ቃሉ ቃል የሆነው በዚህች ሴት አካፋ ነው።

ቤተሰቡ ያለቀበትን ሰው የሚቀብር ማርሻል ሃው የሚባል ጉልበተኛ ቆፋሪ ነበር። ቀድሞ ታሞ ስለ ዳነ ዳግመኛ አይዘኝም ብሎ ያምናል፤ ለድካሙም የሟቹን ዕቃ ይወስዳል። አንድ ቀን ሞቷል የተባለ ሰው ሊቀብር ጎትቶ ሲያወጣ፣ ሰውዬው ዐይኑን ገልጦ የሚጠጣ ትኩስ ነገር ስጡኝ አለ፤ ያም ሰው ድኖ ኖረ ይባላል። የሃው ሚስትና ልጁ ግን በዚያው በኦገስት ሞቱ፤ እነርሱንም የቀበረ እርሱ ነው። ስሙን በክፉ የሚያነሡት አሉ። ማንም በማይነካው ዘመን የሌላውን ሬሳ የነካ ሰው ነውና እኔ አልፈርድበትም።

ካትሪን ሞምፔሰን አስቀድማ ባልዋን ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ ብላ ለምና ነበር። እርሳቸው መንጋዬን አልተውም አሉ፤ እርስዋም እርስዎን አልተውም አለች። ልጆቹ መንደሪቱ ሳትዘጋ ወደ ዮርክሻየር ተላኩ። ካትሪን ደካማ ጤና ይዛ ሕሙማንን ስትጎበኝ ከረመች። አንድ ምሽት ከባልዋ ጋር ስትሄድ አየሩ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል አለች ይባላል። ያን ጊዜ ሰዉ የቸነፈር ምልክት ነው የሚለው ይህን ነበርና ባልዋ ደነገጡ። በኦገስት 25፣ በእኛ ጳጉሜን 2 ቀን፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ዐረፈች። መቃብርዋ ከአሮጌው መስቀል አቅራቢያ ነው። ሞምፔሰን ከስድስት ቀን በኋላ የእናታቸውን ሞት ለልጆቻቸው በደብዳቤ ነገሩ። የደብዳቤው ቃል እስከ ዛሬ ተጠብቋል።

በመስከረምና በጥቅምት ሞቱ ቀነሰ። በኖቬምበር 1 ቀን፣ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1659፣ አብርሃም ሞርተን የሚባል ሰው ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ በቸነፈሩ የሞተ የለም። በደብሩ መዝገብ እንደሚቈጠረው ሟቾቹ 260 ናቸው። ሞምፔሰንም ሕመሙ የገባባቸው ቤተሰቦች 76 እንደ ሆኑ በዚያው ወር ጽፈዋል። የቀረውም ሰው ልብሱንና ምንጣፉን አቃጠለ።

በኋላ ዘመን የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ ይፈትሹታል። ባለጠጎቹ ቀድመው ወጥተዋል፣ ድሀው መሄጃ አልነበረውም፣ ቄሱም የራሳቸውን ልጆች አሽሽተዋል ይላሉ። የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን መሄጃ የሌለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ረኀብና ፍርሃት እግር ይሆናሉ። ሌሊት በተራራው ላይ ሾልኮ መውጣትን የሚከለክል ዘበኛም ወታደርም በዚያ አልቆመም፤ የቆመው የድንጋይ ምልክት ነበር።

ስታንሊ በ1670 ሞቱ። ሞምፔሰን ከአንድ ዓመት አስቀድመው ኢክሪንግ ወደሚባል ደብር ተዛውረው ነበር። የዚያ አገር ሰዎች ቸነፈሩን ፈርተው ወደ መንደራቸው ስላላስገቧቸው በሩፎርድ ደን ውስጥ በጎጆ ተቀመጡ ይባላል። ለሌላው ሲሉ በር የዘጉት ሰው በር ተዘጋባቸው።

በኢም ግን ነገሩ በሽማግሌዎች አፍ ኖረ። ዊልያም ዉድ የሚባል የመንደሪቱ ሰው ከአረጋውያን የሰማውን ሰብስቦ በ1842 የመንደሪቱን ታሪክ አሳተመ፤ ከላይ ይባላል እያልን ከጻፍነው ብዙው በእርሱ በኩል የደረሰን ነው። 200ኛው ዓመት ከታሰበበት ከ1866 ጀምሮ በየዓመቱ፣ ዛሬም በኦገስት የመጨረሻ እሑድ፣ ሕዝቡ ወደ ካክሌት ደልፍ ወርዶ ይጸልያል።

በራይሊ ሜዳ ላይ በክብ የድንጋይ አጥር ውስጥ የሃንኮክ ቤተሰብ መቃብር አለ፤ የሰባቱም ስም ተጽፎበታል። የኤልሳቤጥ መቃብር በዚያ የለም። ሰባቱን ቀብራ ስትጨርስ ቤትዋን ዘግታ በሼፊልድ ወደሚኖረው፣ ብቻውን ወደ ተረፈላት ልጅዋ ሄዳለች።