ጤዛ (ፊልም)

ጤዛ ኃይሌ ገሪማ የደረሰውና ዳይሬክት ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዕይታ የበቃ ፊልም ነው። በጀርመን ሕክምና ያጠናው አንበርብር በ1990 እ.ኤ.አ. አንድ እግሩን አጥቶ በጣና አቅራቢያ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ለተመልካቹ ወዲያው አይነገርም፤ የደርግ ዘመን ትዝታዎቹ በቁርጥራጭ እየተመለሱ በስተመጨረሻ በጀርመን ዘረኞች ያደረሱበት ጥቃት ይገለጣል።

ፊልሙን ለመጨረስ 14 ዓመታት ፈጅቷል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነበር፤ የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ እንኳ የጀርመኑ አጭር ቀረጻ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቷል። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በኡጋዱጉ ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በአሜሪካ ያከፋፈለው የኃይሌ የራሱ ኩባንያ ነው።