ከወረኢሉ እስከ ደንቆሮ ጫካ፦ ዛፍ ሞልቶ ኦርኪድ ሲጠፋ

ወረኢሉ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን የዓድዋ ዘመቻ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቆረቆሯት ይህች የጦር ከተማ፣ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የክተቱ ሠራዊት መገናኛ ነበረች። ያን ሁሉ ሰው ያበላው ማገዶ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የታሪክ መምህር ግን አላጋጠመንም። እኛም ጥያቄውን ያነሳነው በአበባ ምክንያት ነው፤ በኦርኪድ።

የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትቀመጠዋን ማለታችን አይደለም። በአገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። አንዳንዶቹ መሬት ላይ ይበቅላሉ፤ ሌሎቹ አሮጌ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ከጉምና ከዝናብ ውሃ እየቀዱ ይኖራሉ። «ተቀጽላ ነው» ብለን እናልፋቸዋለን እንጂ ዛፉን አይመጡትም።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ የሰው ሕይወት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1839 ከሌፌብቭር ጋር ከመጡት ፈረንሳውያን መካከል ኳርቲን ዲሎንና አንቷን ፔቲ ዕፅዋት ይሰበስቡ ነበር። ዲሎን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው። ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ፓሪስ ተቀምጦ የእነሱን ስብስብ ያጠናው አሺል ሪሻር ስማቸውን ለኦርኪዶች ሰጠ፦ ሀበናሪያ ኳርቲኒያና፣ ሀበናሪያ ፔቲቲያና። (አበባው የእኛ፣ ስሙ የእነሱ!) ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መምሪያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ስም አለ።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ1937 እ.ኤ.አ. የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከቦታው ጋር አስተያያቸው። ውጤቱ «ወሎ ዛፏን ጨርሳ ተራቆተች» ለሚለው ወሬ አልተመቸም፤ በብዙ ቦታ ዛፉ ጨምሯል። እኛም ደስ ብሎን ነበር፣ የዛፉን ዓይነት እስክናይ። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍን አንሰድብም፤ ቤት ሠርቶልናል፣ እንጀራ ጋግሮልናል። ኦርኪድ ግን አያሳድርም። ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል፤ ገና ሳያረጅም ይቆረጣል። የኦርኪድ ዘር ደግሞ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። ለመብቀል የሚመግበው ፈንገስ ማግኘት አለበት፤ አድጎ ለማበብም ዓመታት ይፈጅበታል። ሽበት ያበቀለ ወይራ ይህን ሁሉ ይታገሣል። ስለዚህ የዛፍ ቁጥር ሲነገረን እኛ የምንጠይቀው ዕድሜውን ነው።

ያረጀ ጫካ ለማየት ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካነ ሰላም መሻገር ነው። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አለው፤ ከፍ ሲሉ አስታና ጅብራ ይቀበላል። ጎብኚ የሚሄደው ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ ነው። ከጭላዳው ዓይናችሁን አንሥታችሁ የወይራውን ቅርንጫፍ የምታዩ ከሆነ፣ በክረምት ሂዱ።