ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ያልተነካው አንቀጽ 96

ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልጀምር። ኅዳር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በማልታ ዋና ከተማ በቫሌታ፣ ከአውሮፓ ኅብረት መሪዎች ጋር ስለ ፍልሰት የጋራ አጀንዳ የሚደነግግ ሰነድ ፈረሙ። በማግስቱ፣ ኅዳር 2 ቀን፣ በአምቦ መንገድ በምትገኘው ጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። ተቃውሞው ብዙም ሳይቆይ መላውን ኦሮሚያ አዳረሰ፤ ዋና መፈክሩም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይቅር የሚል ሆነ።

የቫሌታው ብዕርና የጊንጪው ጩኸት ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኛቸው ኢትዮጵያም አውሮፓም አስቀድመው የፈረሙት አንድ አንቀጽ ነው።

በመጀመሪያ ግን ስለ ከተሞቹ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። አዲስ አበባ የገፈርሳን ውኃ በቡራዩ በኩል፣ ሜታ ቢራን ከሰበታ፣ ወተትና የታሸገ ውኃ ከሱሉልታ ስታገኝ ኖራለች። ቀጥሎ የፈለገችው መሬታቸውን ነበር። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ካሳ እንዲከፈለው ደነገገ። የተለቀቀው መሬት በሊዝ ሲተላለፍ የሚያወጣው ዋጋ ግን በገበሬው እርሻ ገቢ የሚሰላ አልነበረም። በሁለቱ ስሌቶች መካከል የቀረው ልዩነት የማን ኪስ ገባ የሚለው ጥያቄ ነው በኋላ ወደ አደባባይ የወጣው።

አሁን ወደ አንቀጹ። የአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓስፊክ አገሮች ጋር የመጀመሪያውን የሎሜ ስምምነት የፈረመው የካቲት 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ከማወጁ አራት ቀን ቀደም ብሎ። ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ከተረሸኑ ገና ሦስት ወር ማለፉ ነበር። በሰነዱ ውስጥ ስለ ሰብአዊ መብት የሰፈረ ግዴታ አልነበረም፤ የዘመኑ ፈሊጥ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ነበርና። በ1969 ዓ.ም. የኢዲ አሚን ግድያ ሲበዛ የማኅበረሰቡ ሚኒስትሮች ለኡጋንዳ የሚሰጠው ዕርዳታ ሕዝቡን ለማፈኛ እንዳይውል የሚል መግለጫ አወጡ። በእኛ አገር ቀይ ሽብር ሲፋፋም ግን የሎሜ ገንዘብ አልተቋረጠም።

ከበርሊን ግንብ መፍረስ በኋላ ቋንቋው ተለወጠ። አራተኛው ሎሜ ሰብአዊ መብትን ጠቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሻሻል ደግሞ መብት የስምምነቱ መሠረታዊ ምሰሶ ሆነ፤ ምሰሶው ከተናጋ ትብብሩን ማገድ ይቻላል ተባለ። ሰኔ 16 ቀን 1992 ዓ.ም. በቤኒን ከተማ በኮቶኑ የተፈረመው ስምምነት ይህን ወረሰ። አንቀጽ 8 ስለ ፖለቲካ ውይይት ይናገራል። አንቀጽ 9 ሰብአዊ መብትን፣ ዴሞክራሲንና የሕግ የበላይነትን ምሰሶ ያደርጋል። አንቀጽ 96 ደግሞ ምሰሶው ሲጣስ የሚሄዱበትን መንገድ ያሳያል፤ መጀመሪያ መደበኛ ምክክር ይጠራል፣ ምክክሩ ካልሠራ «ተገቢ እርምጃ» ይከተላል፣ የመጨረሻው እርምጃም ትብብሩን ማገድ ነው። ፊጂ፣ ዚምባብዌና ማዳጋስካር ቀምሰውታል። ኢትዮጵያ ግን አንድም ጊዜ በዚህ አንቀጽ ተጠርታ አታውቅም።

አጋጣሚ ጠፍቶ አይደለም። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሰኔና በጥቅምት በተፈጸመው ግድያ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን የመረመሩት የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ከአገር ሸሽተው ይፋ አድርገዋል። የኅብረቱ የምርጫ ታዛቢ ቡድን መሪ አና ጎሜዝ ያቀረቡት ትችትም የሚረሳ አይደለም። ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። እርምጃ ተወሰደ ያሰኛል። ነገር ግን በግንቦት 1998 ዓ.ም. «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረና ገንዘቡ ክልልና ወረዳ ደርሶ የመምህርና የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ይሸፍን ጀመር። በአንዱ በር የወጣው ገንዘብ በሌላው በር ተመለሰ ማለት ነው። ይህን በማድረጋቸው አልከሳቸውም፤ የሰበታ ሕፃን ትምህርት ቤቱ ሊዘጋበት አይገባም። ቅር የሚያሰኘኝ ይህ ሁሉ ሲሆን መደበኛው ምክክር አለመጠራቱ ነው። ነገሩ ከአንቀጽ 8 ዝግ በር ጀርባ አልወጣም፤ እዚያ የተነገረውን ደግሞ በግድያው የተጎዳ ሰው ሊሰማው አይችልም ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ፤ አሁን ግን በከተማችን ደጃፍ። ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ጥር 3 ቀን 2008 ዓ.ም. አስታወቀ። ጥር 12 ቀን የአውሮፓ ፓርላማ ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ማስተር ፕላኑን በስም ጠቅሶ የኃይል እርምጃውን አወገዘ፣ ገለልተኛ ምርመራም ጠየቀ። ፓርላማው ይናገራል እንጂ አንቀጽ 96ን የመክፈት ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ያላቸው ብራስልስ ላይ ሰኔ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ ማርያም ጋር «ስትራቴጂያዊ» የተባለ የትብብር መግለጫ ፈረሙ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 9፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦሮሚያ ተቃውሞ የተገደሉት ከ400 እንደሚበልጡ የሚዘረዝር ዘገባ አወጣ።

በዚያው ዓመት አንቀጽ 96 በሌላ አገር ላይ ሲሠራ ማየት ይቻል ነበር። ኅብረቱ ቡሩንዲን ለምክክር ጠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ለመንግሥቷ የሚሰጠውን ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ አገደ። የንኩሩንዚዛ መንግሥት ያደረገው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቡሩንዲ ቀይ ባሕር አጠገብ አይደለችም፤ የኤርትራና የሶማሊያ ስደተኛ ወደ አውሮፓ የሚሻገረውም በእሷ በኩል አይደለም። በቫሌታ ይፋ የሆነው የ1.8 ቢሊዮን ዩሮ የአፍሪካ ፈንድ የተቋቋመው ስደት ከምንጩ እንዲገታ ነበር፤ ኢትዮጵያም በዚያ ስሌት ውስጥ የመንገዱ መሐል ነበረች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል ያገራችን ሰው። እኔ በአህያዪቱ ባል አልፈርድም፤ ጅብ ሲመጣ የራሱን ግልገል ሲቆጥር ነበር።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ አመነ። በዚያው ሳምንት በሰበታና በአካባቢዋ ፋብሪካዎችና ተሽከርካሪዎች ተቃጠሉ፤ ከእነዚህም የቱርክ ባለሀብቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዱ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የኢትዮጵያ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው ሳምንት፣ መስከረም 25 ቀን መመረቁ ነው። የመስመሩ መነሻ ሰበታ ናት፤ አብዛኛው ወጪም ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው። ያ ብድር ስለ ሰብአዊ መብት ቅድመ ሁኔታ አልነበረበትም። ይህን የሚያነሡ የቻይና ወዳጆች ቢያንስ አላስመሰሉንም ይላሉ። አባባሉ ይስባል፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ግዴታ አልተፈጸመም ተብሎ ሊጠየቅበት አይችልም፤ የተጻፈው ይቻላል።

አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ «መምህር፣ አንቀጹ ቢመዘዝስ ኖሮ የሱሉልታ ገበሬ ምን ያገኝ ነበር?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸሙ የመብት ጥሰቶች ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ስታስወጣ ዱላው ያረፈው ትእዛዝ በሰጡት ላይ ሳይሆን እንደ ሐዋሳ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች በሚሠሩ ወጣት ሴቶች ላይ ነው። ስለዚህ ዕርዳታ መቁረጥን የመብት መድኃኒት አድርጌ አልሰብክም። አንቀጽ 96 ግን በመቁረጥ አይጀምርም። የሚጀምረው ሁለት መንግሥታት ፊት ለፊት ተቀምጠው ምን ተፈጸመ፣ ማን ይጠየቅ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ይስተካከል ብለው በጽሑፍ እንዲነጋገሩ በማስገደድ ነው። የሱሉልታው ገበሬ የተነፈገው ያንን ጽሑፍ ነው፤ ስሙና መሬቱ የገባበት መዝገብ።

ደግሞስ ግዴታው የአውሮፓ ብቻ ነበር እንዴ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 43 ዜጋ በልማት ዕቅድ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ አንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኝ መብት ይሰጣሉ። ብራስልስ ዝም ስላለች ብቻ አዲስ አበባ ከዚህ ነፃ አትወጣም። በእኛ የምሁራን ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ የምታዘበው ጉድለት ይህ ነው። ግማሻችን ፈረንጅ ለምን አልቀጣልንም እንላለን፤ ግማሻችን ፈረንጅ ምን አገባው እንላለን፤ ውሉ የተፈረመው ግን በእኛም እጅ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን በአጭሩ ልበል። በሰሜኑ ጦርነት ኅብረቱ ከቀድሞው ጠንከር ብሎ በጥር 2013 ዓ.ም. 88 ሚሊዮን ዩሮ የበጀት ድጋፍ ማዘግየቱን አስታወቀ፤ አንቀጽ 96 ግን አሁንም አልተከፈተም። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በሸገር የተካሄደውን የቤቶች ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ተችቷል። መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኅብረቱ ኮሚሽነር ዩታ ኡርፒላይነን አዲስ አበባ ላይ የ650 ሚሊዮን ዩሮ መርሐ ግብር ይፋ አደረጉ። በማግስቱ ጄኔቫ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መርማሪ ባለሙያዎችን ዘመን ለማራዘም የውሳኔ ረቂቅ ማስገቢያው ጊዜ አለፈ፤ ረቂቁን በቀደሙት ዓመታት ሲያቀርብ የነበረው ኅብረቱ ሳያቀርብ ቀረ።

ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በሳሞአ ኮቶኑን የሚተካው ስምምነት ተፈረመ። የመብት ምሰሶውና የምክክሩ ሥርዓት በአዲስ ቁጥር ተይዘው ቀጥለዋል። የኮሚሽኑ የሸገር ሪፖርት በዚያን ጊዜ ከወጣ ወራት አልፈውት ነበር።