ፍርድ ወይስ ልኬት? ከዌብካም ወደ ማይክሮኮንትሮለር ስለሚላከው የቀለም መልእክት

በዌብካም የታየን ቀለም ኮምፒውተር ለይቶ ውጤቱን በሲሪያል መስመር ለማይክሮኮንትሮለር የሚልክበት አሠራር የሮቦቲክስ ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ልምምድ ሆኗል። በተለመደው መልኩ ኮምፒውተሩ ምስሉን ይመረምርና ለቀይ አንድ ፊደል፣ ለአረንጓዴ ሌላ፣ ለሰማያዊ ደግሞ ሦስተኛ ፊደል ይልካል። ተቀባዩም ፊደሉን አይቶ ሞተር ያዞራል። ይህ መጣጥፍ መልእክቱ ከሥሩ የተበላሸ ነው ብሎ ይሞግታል። መላክ ያለበት የኮምፒውተሩ ፍርድ ሳይሆን ልኬቱ ነው፤ ማለትም ስንት ፒክስል ተገኘ፣ መሐሉ የት ላይ ነው፣ ምን ያህልስ ተሰባስቧል የሚለው። ይህን በተግባር ያሳየ ሥራ በ2002 ታትሞ ሳለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ቀለም መለየቱ ብዙ የምለው የለኝም። አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1978 ያቀረበው የኤችኤስቪ ሞዴል፣ ስዌይንና ባላርድ በ1991 በቀለም ሂስቶግራም ላይ የሠሩት ጥናት፣ ጋሪ ብራድስኪ በ1998 ያወጣው ካምሺፍት መሠረቱን ጥለዋል። ኦፕንሲቪ የቀለም ዓይነትን ከ0 እስከ 179 ስለሚቆጥር ቀይ በሁለቱም ጫፍ እንደሚገኝ ማንም በቶሎ ይደርስበታል።

ሙግቴ ጄምስ ብሩስ፣ ታከር ባልችና ማኑዌላ ቬሎሶ በ2000 ካቀረቡት ጽሑፍ ጋር ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ጽሑፉ ካስለመደው መመዘኛ ጋር። በተራ ኮምፒውተር እስከ 32 ቀለም በሰከንድ 30 ጊዜ መከታተል እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነውና ክብደቱን አልክድም። ይሁንና ጉዳዩ የሚያበቃው የተገኙት የቀለም ክልሎች ተዘርዝረው ለቀጣዩ ፕሮግራም ሲሰጡ ነው። ቀጣዩ ፕሮግራም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ከሆነ ክፍተቱ አይታይም። ከኬብሉ ማዶ፣ 2 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ባለው የአርዱዊኖ ኡኖ ቺፕ ላይ ሲሆን ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው እዚያ ነው። ፍጥነት ብቸኛ መለኪያ ሆኖ በመቅረቱ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ የሲሪያል መስመሩን የገባበትን ሳይለውጥ እንደሚያወጣ ቧንቧ ቆጠረው። ቧንቧ አይደለም።

የተዘነጋው ምንጭ አንቶኒ ሮው፣ ቻርልስ ሮዘንበርግና ኢላህ ኑርባክሽ በካርኔጊ ሜለን የሠሩት ሲኤምዩካም ነው። ካሜራውና ኤስኤክስ28 የተባለው ቺፕ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው በሰከንድ ወደ 17 ፍሬም ይመረምሩ፣ ውጤቱንም እስከ 115200 ባውድ በሚደርስ ፍጥነት ይልኩ ነበር። መሣሪያው ዛሬ ሲነሳ እንደ አሮጌ ዕቃ ነው፤ መነሳት የነበረበት መልእክቱ ነው። ፓኬቱ በኤም ፊደል ይጀምርና ስምንት ቁጥሮችን ያስከትላል። እነሱም የቀለሙ መሐል አግድምና ቁመት፣ የከበበው አራት ማዕዘን ሁለት ጥጎች፣ የፒክስሉ መጠን፣ በመጨረሻም የእርግጠኝነት ቁጥር ናቸው። የመጨረሻው የሚሰላው ፒክስሎቹን ለአራት ማዕዘኑ ስፋት በማካፈል ነው። በፓኬቱ ውስጥ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» የሚል ነገር የለም። የሚፈርደው ተቀባዩ ነው።

ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ በአንድ የተለመደ አሠራር ላይ እንመልከት። ዌብካሙ በሰከንድ 30 ፍሬም ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ፊደል ይልካል፤ ተቀባዩ አንድ ፊደል ባነበበ ቁጥር ክንዱን አንቀሳቅሶ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል። የኡኖ መቀበያ ቋት 64 ባይት ሲሆን በተግባር 63 ይይዛል። ቋቱ በሁለት ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ከሞላ በኋላ የሚጣለው አዲስ የመጣው ባይት ነው፤ አሮጌው ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ መጨረሻ ክንዱ የሚታዘዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ለታየው ቀለም ነው፤ ከዚያም ወዲያ እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ ደቂቃ በላይ ያረጀ ሆኖ ይነበባል። ዕቃው ከፊቱ ከተነሳ ቆይቷል። ብዙዎች ይህን መዘግየት ሲያዩ ባውዱን ያሳድጋሉ። አይረባም፤ መስመሩ ቀድሞም ሥራ ፈት ነበር፤ በ9600 ባውድ አንድ ባይት የሚፈጀው 1.04 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ሪድስትሪንግ የሚባለውን ትእዛዝ የተጠቀመ ደግሞ ይብስበታል። ትእዛዙ ንባቡን የሚጨርሰው ለ1000 ሚሊሰከንድ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ነው። በየ33 ሚሊሰከንዱ ፊደል እየመጣ ከሆነ ያ ጸጥታ ፈጽሞ አይገኝም። ፕሮግራሙ እያነበበ ይቀራል፤ ሞተሩም ንቅንቅ አይልም።

ፊደሎቹንም ቢሆን ከቋቱ ጠርጎ የመጨረሻዋን መያዝ ይቻላል የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ የምትያዘው ግን የአንዲት ፍሬም ፍርድ ናት። ብርሃን ሲዋዥቅ ፊደሉ ከቀይ ወደ «ምንም»፣ ከምንም ወደ ቀይ ይዘላል፤ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ ሞተርም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ልኬት የደረሰው ቺፕ ግን ከ4000 ፒክስል በላይ ሲሆን ጀምሮ ከ2500 በታች ሲወርድ ብቻ ማቆም ይችላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ከካሜራውና ከርቀቱ ጋር ይስተካከላሉ።

ቀለሙ ሲለወጥ ብቻ ይላክ የሚለው መፍትሔ ከሁሉ የከፋ ነው። ኮምፒውተሩ የሲሪያል ወደቡን ሲከፍት ዲቲአር የተባለው መስመር ኡኖን እንደገና ያስነሳዋል፤ በዚያች ቅጽበት የተላከ ፊደል ይጠፋል። ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስም ሌላ አይመጣም። ልኬት በየፍሬሙ ከተላከ ግን የጠፋውን ቀጣዩ ይተካዋል፤ ዝምታም ራሱ ትርጉም ያገኛል። ለ200 ሚሊሰከንድ ፓኬት ካልመጣ ሞተሩ ይቁም ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተሩ ራሱ ቢያጣራስ? ያጣራ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰርቮው በዚህች ቅጽበት የት እንዳለ አያውቅም፣ የራሱን መዘጋትም ሊያስታውቅ አይችልም። ልኬት ይረዝማል የሚለው መቃወሚያ በከፊል እውነት አለው። የሲኤምዩካም ፓኬት በጽሑፍ መልኩ ሲረዝም 31 ቁምፊ ይደርሳል፤ ይህም በ9600 ባውድ 32.3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ የ30 ፍሬሙን ጊዜ ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም። በ115200 ግን 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። መቃወሚያው እዚህ ያበቃል።

የጠቀስኳቸው የቋትና የማስታወሻ መጠኖች የኡኖ መሆናቸውንና ሌሎች ቺፖች እንደሚለያዩ አልዘነጋሁም፤ ሙግቱን ግን የሚነካው አይመስለኝም።

የልምምድ መመሪያ የምታዘጋጁ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ከአንዲት ፊደል አትጀምሯቸው። ስምንት ባይት ይበቃል። አንድ መነሻ ባይት፣ አንድ የፍሬም ተራ ቁጥር፣ ሁለት ለፒክስል ብዛት፣ አንድ ለአግድም፣ አንድ ለቁመት፣ አንድ ለእርግጠኝነት፣ አንድ ደግሞ የተቆረጠ ፓኬትን ለይቶ ለመጣል የሚያገለግል ማመሳከሪያ ድምር። ተቀባዩ ቋቱን በጠረገ ቁጥር ትክክለኛ ሆኖ ያገኘውን የመጨረሻ ፓኬት ብቻ ይይዛል። ይህ ሁሉ በ9600 ባውድ እንኳ 8.3 ሚሊሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ የአንድ ፍሬም ጊዜ ሩብ።